ጠዋት ጠዋት «እችላለሁ» ብሎ መጻፍ ይሰራል ወይ? ጥያቄና መልስ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አፈርሜሽን ስለሚባለው ነገር፣ ማለትም በየቀኑ ደብተር ላይ «እንዲህ ነኝ፣ እንዲህ እሆናለሁ» እያሉ ስለመጻፍ ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልመልስ። የተማርኩት ሳይኮሎጂ ነው፣ አሁን ደብረ ብርሃን ተማሪዎችን አማክራለሁ። ጠይቁ።

ጥያቄ (የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን)፦ ጋሼ ቲክቶክ ላይ አንዱ የምትፈልገውን በቀን 15 ጊዜ ጻፍ ሲል ሰምቼ «ከ500 በላይ አመጣለሁ» እያልኩ ደብተሬን ልጨርስ ነው፣ ይሰራል?

መልስ፦ ወንድሜ መጻፉ አይጎዳህም፣ ግን በዛ ሰዓት ሁለት የፊዚክስ ጥያቄ ብትሰራ ይሻልሃል ሃሃ። ጋብሪኤለ ኦቲንገን የምትባል ጀርመናዊት ተመራማሪ ለብዙ ዓመት ያጠናችው ይሄንኑ ነው፣ ሰው ያሰበው እንደተሳካለት አድርጎ በጣፋጩ ብቻ ሲያልም ጉልበቱ ይቀንሳል፣ የደረሰ ይመስለውና ዘና ይላል። ስለዚህ ውጤቱን አንዴ ጻፈውና ተወው፣ በየቀኑ የምትጽፈው የምትሰራውን ይሁን። «እራት እንደበላሁ ስልኬን ለእማዬ ሰጥቼ ያለፈ ዓመት የማትስ ፈተና አወጣለሁ» በል። ፒተር ጎልዊትዘር የሚባል የሳይኮሎጂ ተመራማሪ ደግሞ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» የሚለውን አጻጻፍ ነው ያጠናው፣ በ2006 ከሌላ ተመራማሪ ጋር 94 ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩት በደንብ የሚያግዝ ሆኖ ነው ያገኙት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)።

ጥያቄ (ደብረ ሲና)፦ እኔ «ቆንጆ ነኝ፣ ተወዳጅ ነኝ» ብዬ በጻፍኩ ቁጥር ጭራሽ ይደብረኛል፣ ችግሩ እኔ ጋ ነው?

መልስ፦ ኧረ አይደለም እህቴ። በ2009 ጆአን ውድ የምትባል ካናዳ የምትሰራ ተመራማሪና ጓደኞቿ ሰዎችን «የምወደድ ሰው ነኝ» የሚለውን ለራሳቸው ደጋግመው እንዲሉ አድርገው ነበር፣ መጀመሪያም ለራሳቸው ጥሩ ግምት ያላቸው ትንሽ ደስ አላቸው፣ ዝቅ ያለ ግምት ያላቸው ግን ይባስ ከፋቸው። አንዱ ምክንያት ሆድሽ ያላመነውን ስትጽፊ ውስጥሽ «ውሸት!» እያለ ይከራከርሻል። የማትከራከሪውን ጻፊ፣ «ዛሬ ጎረቤቴን ጠይቄያታለሁ» ማለት ይበቃል። ድብርቱ ከሰነበተ ግን ለደብተር አትተይው፣ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ሰው አናግሪ።

ጥያቄ (መሐል ሜዳ)፦ እናቴ ወረቀቱን ትራሴ ስር አግኝታ ክታብ ነው ብላ ልታቃጥለው ነበር፣ ከእምነት ጋር ይጋጫል እንዴ?

መልስ፦ እማማ እውነት አላቸው፣ ወረቀቱ በራሱ ኃይል አለው ብለህ ትራስ ስር ከከተትከው ከክታብ በምን ይለያል? ጠረጴዛ ላይ አውጣውና «የነገ ስራዬ ነው» ብለህ አንብብላቸው። ጸሎት ሌላ ነው፣ እሱን ለንስሐ አባትህ። ነገሩ ግን አዲስ እንዳይመስልህ፣ ኤሚል ኩዌ የሚባል ፈረንሳዊ የመድኃኒት ባለሙያ ከ100 ዓመት በፊት ሰውን ሁሉ ጠዋት 20 ማታ 20 ጊዜ «በየቀኑ በሁሉም ነገር እየተሻለኝ ነው» ያስብል ነበር።

ጥያቄ (ሸዋ ሮቢት)፦ ሽንኩርት እነግዳለሁ፣ ብር እጄ ላይ አይቆይም። «ቆጣቢ ነኝ» ብዬ ግድግዳ ላይ ለጥፌያለሁ።

መልስ፦ ግድግዳው ቆጠበ? እስቲ ብሩ መቼ ነው የሚጠፋው? እኔ እንደማየው ብዙ ነጋዴ ጭነቱን አስረክቦ ሂሳብ በተቀበለባት ሰዓት ነው የሚበትነው፣ እንግዲህ ያቺን ሰዓት ጻፋት፦ «ሂሳብ እንደተቀበልኩ ከመኪናው ሳልርቅ 2 ሺህ ብር በቴሌብር ባንክ አስገባለሁ»። እንቅፋቱንም ጨምርበት፦ «ልጆቹ ቁርጥ እንብላ ካሉኝ መጀመሪያ አስገብቼ ነው የምከተላቸው»። ከዛ እቁብ ግባ፣ ወረቀት ደውሎ አይጨቀጭቅህም፣ ሰብሳቢው ግን ይደውላል።

ጥያቄ (መምህር፣ ዓለም ከተማ)፦ ግባቸውን የጻፉ 3 በመቶ የሃርቫርድ ተማሪዎች ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ሀብታም ሆኑ የሚባለው እውነት ነው? ለተማሪዎቼ ልነግራቸው ነበር።

መልስ፦ አይንገሯቸው መምህር። አንዴ ሃርቫርድ አንዴ ዬል እየተባለ ይወራል እንጂ እንደዛ የሚባል ጥናት የለም። ክፍል ውስጥ የሚሞክሩት ከፈለጉ ሌላ አለ፣ በ2006 የታተመ አሜሪካ የተሰራ፣ የ7ኛ ክፍል ልጆች 15 ደቂቃ ያህል ስለሚወዱት ነገር፣ ስለ ቤተሰብ ይሁን ስለ ሙዚቃ፣ ለምን እንደሚወዱት ጻፉ፣ በዛው ተርም የጥቁር ተማሪዎቹ ውጤት ከፍ አለ። በኋላ ሌላ ቦታ ሲደገም አንዳንዱ ላይ ሰርቷል አንዳንዱ ላይ አልሰራም፣ ስለዚህ ተአምር አይጠብቁ፣ ግን ወጪው አንድ ወረቀት ነው።

ጥያቄ (እነዋሪ)፦ ጠዋት ነው ማታ? ወረቀት ነው ስልክ?

መልስ፦ የተመቸሽ ሰዓት። እኔ ወረቀት እመርጣለሁ፣ ስልክ ከፍቶ ፌስቡክ ሳያይ የሚዘጋ ሰው አላየሁም።

ጥያቄ (እሷው)፦ ለምን ያህል ጊዜ? 21 ቀን ይበቃል ይላሉ፣ እኔ ደግሞ ለበዓል ገጠር ሄጄ ሳልጽፍ ቀረሁ።

መልስ፦ 21 ቀኑን ተይው። ለንደን ውስጥ ተጠንቶ በ2010 በታተመው ላይ አንድ ነገር ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ነው የፈጀው፣ እሱም ከሰው ሰው ከ18 እስከ 254 ይለያያል። አንድ ቀን መዝለል ደግሞ ይሄ ነው የሚባል ጉዳት አላመጣም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር ብለሽ አዲስ ደብተር እንዳትገዢ፣ ካቆምሽበት ቀጥዪ።