ጅማ ላይ መጀመሪያ የምትታዩት ለቅሶ ቤት ነው

ከ17 ዓመት የውጭ ኑሮ በኋላ ጅማ ጠቅልዬ ገባሁ። ውጭ አገር ያላችሁ ብዙዎቻችሁ ስትደውሉልኝ የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው። «ለአገሬ የሆነ ነገር ልሥራ፣ የሚሰማኝ አገኛለሁ?» ትሉኛላችሁ።

በመጣሁ በሳምንቴ ሰፈራችን ውስጥ አንድ አባት አረፉ። ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ንፍሮ ሲዞር «በቃኝ» ብዬ መለስኩ። ስልኬ ጠራ፣ እዚያው ተቀምጬ በእንግሊዝኛ አወራሁ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተነስቼ ወጣሁ። ንቄ አልነበረም፣ ቀጠሮ ነበረኝ።

ከወር በኋላ የሰፈሩ ሰው ስለ ጎርፍ መውረጃ ቦይ ሊመክር ተሰበሰበ። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ። ተነስቼ ግማሹን ወጪ እንደምችል፣ ኮሚቴውንም መምራት እንደምፈልግ ተናገርኩ። ማንም አልተቃወመኝም፣ ዝም አሉ። ከዚያ አንድ ልብስ ሰፊ ጎረቤታችንን ሰብሳቢ አድርገው መረጡት። ሰውዬው ገንዘብ የለውም። ግን ለቅሶ በተነሳ ቁጥር ድንኳን የሚተክለው እሱ ነው። የእድሩን ገንዘብ ለዓመታት ይዞ ሳንቲም ሳያጎድል አስረክቧል። ስንወጣ አንድ ሽማግሌ እጄን ያዙኝና «ልጄ፣ ገንዘብህን አልጠላነውም። ለቅሷችን ላይ ያልተቀመጠ ሰው ለችግራችን ይቀመጣል ብለን እንዴት እንመን?» አሉኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ውጭ አገር «የግል ሕይወቴ የግሌ ነው» ማለት ለምደናል። እዚህም ጓዳችሁን የሚፈትሽ የለም። ከደጅ ያለውን ግን ሁሉም ያያል። የባጃጁን ልጅ በሃያ ብር ስትቆጡት፣ የዘበኛችሁን ደመወዝ ስታዘገዩ፣ ታላቃችሁ ቆሞ እናንተ ስትቀመጡ ይታያል። ሰው ከዚህ ተነስቶ ሥልጣን ብትይዙ ምን እንደምትሆኑ ይገምታል። ኋላ ቀርነት ነው የምትሉ አላችሁ፣ እኔም እል ነበር። አሁን ግን ምንም ሊያደርግልን የማይችለውን ሰው እንዴት እንደያዝነው ከማየት የተሻለ መለኪያ አላውቅም።

ሕጉንም አስቡት። የሌላ አገር ዜግነት ለወሰደ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ብዙ በር ከፍቶለታል። ቢጫ ካርድ በሚባለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያው ያለ ቪዛ ይገባል፣ ይሠራል፣ ይነግዳል። መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም። የምርጫ ካርድም ወንበርም ከሌላችሁ በእጃችሁ ያለው ስማችሁ ብቻ ነው።

ዝግታንም አትናቁ። ጅሬን ያለውን ቤተ መንግሥት የምታውቁ፣ የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ከምኒልክ ጋር ጦር ከመማዘዝ ግብር መክፈልን መርጠው አገራቸውን ከጥፋት ማዳናቸውን ሰምታችኋል። እዚህ ቶሎ ያልተናገረ ሰው ፈሪ አይባልም።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም ያሳስበኛል። ስለ አንድ ባለሥልጣን መጠጥ ወይም ስለ ትዳሩ የተቀረጸ ነገር «አሰራጭልን» ብላችሁ ትልኩልኛላችሁ። እባካችሁ ተዉት። የከተማው ሰው ከእናንተ በፊት ያውቀዋል። ልጆቹ እዚሁ ነው የሚማሩት፣ ሚስቱም የምትገበያየው እኛው ገበያ ነው። ሰዉ የሚጠይቀው ሌላ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ለይዞታ ማረጋገጫዋ ስንት ጊዜ «ነገ ነይ» ተባለች? ቦታው ለማን ዘመድ ተሰጠ? ተሿሚዎች ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ በ2002 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 668 ወጥቷል። ጩኸታችሁን እዚያ ላይ አድርጉት። የመኝታ ቤት ወሬ ስታሰራጩ፣ እውነተኛውን በደል ስትናገሩም የሚያምናችሁ ይጠፋል።

ለዘንድሮ ክረምት ለምትመጡ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ምንም ቀጠሮ አትያዙባቸው። እናንተ ሳትኖሩ ያረፉትን ጎረቤቶች ስም እናታችሁን አስቆጥሯት። ስልካችሁን ቤት ትታችሁ በየቤቱ ለቅሶ ድረሱ። ከማን ቤት እንደሚጀመር እሷ ታውቃለች።