የእንግሊዝኛ ፈሊጦች፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። “ኢትስ ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ” (ቃል በቃል “ድመትና ውሻ እየዘነበ ነው”፤ ዶፍ ወረደ ለማለት) የሚባለው ድሮ እንግሊዝ አገር ድመትና ውሻ ሳር ክዳን ላይ ይተኙ ስለነበርና ዝናቡ እያንሸራተተ ይጥላቸው ስለነበር ነው ይላሉ። ለተማሪዎቼ ይህን ልንገራቸው? (ከአዘዞ)

መልስ፦ አይንገሯቸው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1999 በኢሜይል የተዛመተ ፈጠራ ነው። ሳር ቤት ያደገ ተማሪ ካለዎት ራሱ ያፈርሰዋል። ሰንበሌጡ ጫፉን ወደ ታች አድርጎ፣ ጥቅጥቅ ብሎ ስለሚከደን ውሃው ላይ ላዩን ይወርዳል፤ ክዳኑ ውስጥ የተወሸቀች ድመት አትረጥብም፣ አትወድቅምም። ዶፍ ሲመጣ ደግሞ መጠለያ ብሎ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ውሻ የለም።

የፈሊጡ መነሻ እስካሁን አልተረጋገጠም። እ.ኤ.አ. በ1650ዎቹ እንግሊዛውያን ሲጽፉት ውሻው ይቀድም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1738 ግን ደራሲው ጆናታን ስዊፍት ዛሬ በምናውቀው ቅደም ተከተል አሳተመው። አሁን ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ስሕተት ነው። ለሐምሌ ዶፍ እንጂ ለካፊያም አይሆንም። ፈሊጡ ያረጀ ስለሆነ ለዕለት ንግግር “ኢትስ ፖሪንግ” (ዶፍ እየወረደ ነው) ይበቃል።

ጥያቄ፦ ሆቴል ውስጥ ነው የምሠራው። አንድ እንግዳ ስለ ሾፌራቸው ሲያወሩ “አይ ሬድ ሂም ዘ ራዮት አክት” (ቃል በቃል “የሁከት ሕጉን አነበብኩለት”) አሉ። ምን ነበር ያነበቡለት? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ምንም አላነበቡለትም። ልክ ልኩን ነግረው፣ ቢደግም ምን እንደሚከተለው አስጠንቅቀውታል ማለት ነው። አነጋገሩ የመጣው ግን በእርግጥ ከሚነበብ ሕግ ነው። የእንግሊዝ ፓርላማ ያወጣው የሁከት ሕግ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1 ቀን 1715 ጀምሮ ጸና። 12 ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ለሁከት ሲሰበሰቡ ሹሙ ፊታቸው ቆሞ በንጉሡ ስም የወጣውን አዋጅ ጮክ ብሎ ያነብባል። አዋጁ ከተነበበ አንድ ሰዓት ሙሉ አልፎ ያልተበተነ ሰው በሞት ይቀጣ ነበር። ቃሉ ሳይዛነፍ መነበብ ነበረበት፤ ማሳረጊያው “እግዚአብሔር ንጉሡን ያድን” በመዘለሉ ብቻ ፍርድ የተሻረባቸው ጊዜያት አሉ። እንግሊዝ ሕጉን የሻረችው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው፤ ፈሊጡ ግን አልተሻረም።

ሲጠቀሙበት “ዘ” የሚለውን አይጣሉ። ላለፈ ጊዜ “ሬድ” ይባላል፣ አጻጻፉ ግን አይለወጥም። ማስጠንቀቂያ ለሌለበት ተራ ቁጣ አይስማማም፤ በደንበኛ ላይ ደግሞ ፈጽሞ አይነገርም።

ጥያቄ፦ “ዘ ራይቲንግ ኢዝ ኦን ዘ ዎል” (ጽሑፉ ግንቡ ላይ ነው) ሲባል የምን ጽሑፍ ነው? (ከማራኪ)

መልስ፦ ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 5ን ይክፈቱ። የባቢሎን ንጉሥ ብልጣሶር ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ በተወሰዱት ዕቃዎች ወይን ሲጠጣ፣ የሰው እጅ ጣቶች ወጥተው በግንቡ ላይ “ማኔ ቴቄል ፋሬስ” (ተቆጠረ፣ ተመዘነ፣ ተከፈለ፤ መንግሥትህ አከተመ ለማለት) ብለው ጻፉ፤ በዚያችው ሌሊት ተገደለ። ስለዚህ ፈሊጡ የሚነገረው ውድቀት መቃረቡ በግልጽ ሲታይ ነው። ደንበኛ የራቀው ሱቅ ሊዘጋ መሆኑ ሲያስታውቅ ይባላል፤ ለሹመትና ለሠርግ ምልክት ግን አይባልም።