ሻንሲው ላይ ላሜራ ከማስበየድህ በፊት
ወንድሜ፣ ጭቃ የያዛቸውን መኪኖች ስለምጎትት የላንድክሩዘሬን ሻንሲ (መኪናውን የተሸከመውን የብረት አጽም) ፊቱን በላሜራ ላጠናክረው ወይ ብለሃል። ቆይ፣ አትቸኩል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚለቀው ሻንሲው ሳይሆን መንጠቆው ነው፤ ያቺ መኪናው መርከብ ላይ ሲጫን የሚታሰርባት ቀለበት ለጉተታ አልተሠራችም፣ የተጎታች ኳሱም (ተጎታች የሚሰካበት የብረት ኳስ) ከተሰበረ እንደ ጥይት ተወርውሮ ሰው ይገድላል (ቀልድ አይደለም)። መጀመሪያ ግራና ቀኝ ሻንሲው ላይ 10.9 (የጥንካሬ ምልክት ነው) በተጻፈባቸው ብሎኖች የሚታሰር ወፍራም መንጠቆ አስገጥም፤ ስትጎትት ጭነቱን ለሁለቱም አካፍል። ሻንሲው ውስጡ ክፍት ሳጥን ስለሆነ ብሎኑ የሚያልፍበት ላይ ቱቦ ካልገባለት ብሎኑ ሲጠብቅ ሳጥኑ ይጨፈለቃል። ብየዳ የግድ ከሆነ የላሜራው ጫፍ ሰያፍ ይቆረጥ። ሻንሲውን ቀጥ ብሎ አቋርጦ የተበየደ ላሜራ ብዙ ጊዜ እዚያው ብየዳው ጠርዝ ላይ ያሰነጥቀዋል። ባትሪውን ሳታስነቅል ደግሞ እንዳታስበይድ፣ መኪናው ኮምፒውተር ካለው ወጪው ያስለቅስሃል።