ጥያቄና መልስ፦ የአንድ በረሃማ የከብት አገር ታሪክን ከድሮ ካርታ ላይ ማንበብ

ሰላም ለሁላችሁ። ለድሮ ካርታ ያለኝን ፍቅር የምታውቁ ታውቃላችሁ። አብዝቼ የማየው በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት፣ ደቡብ ምሥራቅ ጥግ ላይ ያለውን ሃርኒ ካውንቲን ነው። ቦታው ደጋ በረሃ ነው፤ ደረቅና ቀዝቃዛ፣ ኑሮው ከብት። ስፋቱ ወደ 26,500 ስኩዌር ኪሎሜትር ይጠጋል፣ ከጅቡቲ ይበልጣል ማለት ነው። የሚኖርበት ሰው ግን 7,500 አካባቢ ብቻ። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ እናንተም አላሳፈራችሁኝም። ቀኖቹም ዓመቶቹም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ሰው በሌለበት በረሃ ላይ ካርታ ምን ይነግረኛል? ባዶ ወረቀት አይደል እንዴ?

በረሃ መሆኑ ነው እኮ የሚጠቅመው! ዝናብ በበዛበት አገር ሰው የትም ይሰፍራል። በረሃ ላይ ግን ሁሉም ነገር ውሃን ይከተላል፣ ካርታው ላይ ደግሞ ውሃው የት እንዳለ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ፒት ፍሬንች የሚባለውን ሰው ውሰድ። በ1872 ሂዩ ግሌን የተባለ የካሊፎርኒያ ባለሀብት ልኮት 1,200 ገደማ ከብት እየነዳ፣ ከሜክሲኮ እረኞች ጋር እዚህ ደረሰ። አሁን ካርታውን ክፈትና ስቲንስ ተራራን ፈልግ፣ ከፍታው 2,967 ሜትር ነው። በረዶው ሲቀልጥ ብሊትዘን ወንዝ ይሆንና ወደ ሰሜን ወርዶ ማሉር ሐይቅ ይገባል። ግራና ቀኙ በረሃ ነው፣ ወንዙ ዳር ግን ለምለም የሣር መስክ አለ። ፍሬንች የያዘው ያንን መስክ ነው። የክረምት ድርቆሽና ውሃ በእጁ ከገባ ከመስኩ ውጭ ያለውን ሰፊ በረሃ ማንም ሌላ ሰው ሊጠቀምበት አይችልም። ስለዚህ ሳይገዛውም የእሱ ሆነ ማለት ነው። በወረቀት የያዘው ራሱ ከ100 ሺህ ኤከር በላይ ደርሶ ነበር፤ ከ40 ሺህ ሄክታር በላይ ማለት ነው። እነዚያን ይዞታዎች በአንድ ቀለም ቀባቸው፣ ወንዙን ተከትለው ሲደረደሩ ታያለህ።

ጥያቄ፦ የትኞቹን ካርታዎች ልፈልግ? የሚከፈልበት ነገር አለ?

ዋና ዋናዎቹ በነፃ ይገኛሉ። መጀመሪያ የምትከፍቺው የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ የድሮ መዝገቦች ድረ ገጽ ይሁን። የመጀመሪያዎቹ የቅየሳ ካርታዎችና መሬት ለግለሰብ የተሰጠባቸው ሰነዶች እዚያ ናቸው፣ በስምም በካውንቲም መፈለግ ይቻላል። ሁለተኛው የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ነው። ከ1880ዎቹ ጀምሮ ያወጣቸውን የመልክዓ ምድር ካርታዎች ስካን አድርጎ አስቀምጧል፣ አውርጂና ያዢ። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትና በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያለው የዴቪድ ረምሲ ስብስብም ደስ ይላሉ፤ እነሱ ላይ የግዛትና የባቡር ካርታዎች ይበዛሉ።

አንድ ነገር ልብ በይ። ሃርኒ ካውንቲ የተቋቋመው በ1889 ከግራንት ካውንቲ ተቆርጦ ነው። ከዚያ በፊት የነበረን ነገር የምትፈልጊ ከሆነ «ግራንት» ብለሽ ፈልጊ። ብዙ ሰው «ምንም የለም» ብሎ የሚያቆመው ይሄን ባለማወቅ ነው።

ጥያቄ፦ የቅየሳ ካርታ ላይ ያሉት አራት ማዕዘኖች ምንድን ናቸው? ቁጥሩ ግራ ገባኝ።

ታውንሺፕ የሚባለው 6 ማይል በ6 ማይል የሆነ ካሬ ነው። እሱ ደግሞ 36 ሴክሽን ይሆናል፣ እያንዳንዱ 1 ማይል በ1 ማይል፤ 640 ኤከር ወይም 259 ሄክታር አካባቢ። የኦሪገን ቁጥር ሁሉ የሚነሳው በ1851 ፖርትላንድ አጠገብ ከተተከለ አንድ ምልክት ነው። ስለዚህ ሃርኒ ውስጥ የምታየው ቁጥር «ከዚያ ምልክት ወደ ደቡብ ይሄን ያህል፣ ወደ ምሥራቅ ይሄን ያህል» ማለት ነው።

ሴክሽን 16 እና 36 ለትምህርት ቤት ገቢ ተብለው ለግዛቱ ተሰጥተዋል። ከዚህ ሌላ በ1866 ኮንግረስ ለአንድ የሠረገላ መንገድ ማሠሪያ እንዲሆን በመንገዱ ግራና ቀኝ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን ሴክሽኖች ሰጥቶ ነበር። የይዞታ ካርታ ላይ እንደ ዳማ ሰሌዳ አንዱ እየተዘለለ የተቀባ መሬት ስታይ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ስጦታ ነው። መንገዱ ራሱ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፣ የመሬቱ ባለቤትነት ግን መንገዱ የት እንዳለፈ ይናገራል።

ጥያቄ፦ ቀያሾቹን ማመን ይቻላል? የሚለካውን ቦታ ሁሉ በእግራቸው ረግጠውታል?

አብዛኞቹ ረግጠውታል። ሰንሰለታቸው 66 ጫማ ነበር፣ 20 ሜትር ገደማ። 80 ጊዜ ሲዘረጋ አንድ ማይል ይሆናል። እያንዳንዱን መስመር ሲሄዱ ያዩትን ይጽፉ ነበር፦ እዚህ ጋ ወንዝ ተሻገርን፣ ስፋቱ ይሄ ነው፤ አፈሩ ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ እዚህ የእገሌ ቤት፣ እዚያ አጥር፣ እዚያ የከብት መንገድ። ካርታውን ብቻ አይታችሁ እንዳትሄዱ እለምናችኋለሁ፣ ማስታወሻ ደብተሩን አንብቡ! ካርታው ላይ ያልገባ ብዙ ነገር አለበት።

ያጭበረበሩም ነበሩ። ጆን ቤንሰን የሚባል ሰው የመራው ቡድን በ1880ዎቹ በምዕራብ አሜሪካ ያልተለካ መሬት ተለካ እያለ ከመንግሥት ገንዘብ ሲበላ ተደርሶበታል። ስለዚህ ተራራና ገደል ባለበት ቦታ መስመሩ ቀጥ፣ ማስታወሻው ደግሞ ባዶ ሆኖ ካገኛችሁት ጠርጥሩ፣ ከኋለኛው ካርታ ጋርም አስተያዩት።

ጥያቄ፦ በአንድ የካርታ መስመር ሰው ተገደለ ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

ይሄን ጥያቄ ስለጠየቅከኝ አመሰግናለሁ፤ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

ቀያሽ ሐይቅ ሲያጋጥመው ውሃውን ለክቶ ለሰው አይሸጥም። በዳርቻው ዙሪያ የተሰባበረ መስመር ያሰምርና ከመስመሩ ውጭ ያለውን መሬት ያሰላል። ቋሚ ሐይቅ ላይ ይሄ ችግር የለውም። ማሉር ሐይቅ ግን ጥልቀት የለውም፣ ሜዳ ላይ የተኛ ውሃ ነው። በረዶ በበዛበት ዓመት ኪሎሜትሮችን ይስፋፋል፣ በድርቅ ይሸሻል። በ1930ዎቹ ሊደርቅ ምንም አልቀረውም። በ1980ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ከጎረቤቶቹ ሐይቆች ጋር ገጥሞ እርሻና የባቡር ሐዲድ አጥለቀለቀ። እንዲህ ያለ ውሃ ዳር የተሰመረ መስመር የዚያን ዓመት ውሃ ነው የሚያሳየው።

ውሃው ሲሸሽ በመስመሩና በውሃው መሀል ደረቅ መሬት ወጣ፣ ያውም ምርጥ የሣር መሬት። የማን ነው? የፍሬንች ኩባንያ «መሬቴ ሐይቁን ይዋሰናል፣ ሐይቁ ሲሸሽ መሬቴ ይከተለዋል» አለ። ትናንሽ ሰፋሪዎች ደግሞ «ያልተለካ የመንግሥት መሬት ነው» ብለው ገብተው ቤት ሠሩ። እዚህ ላይ የረግረግ ሕጉን ጨምርበት። በ1860 ለኦሪገን በደረሰው የፌዴራል ሕግ መሠረት ረግረግ የሆነ መሬት ለግዛቱ ይሰጥ ነበር፣ ግዛቱም በኤከር 1 ዶላር ገደማ ይሸጠዋል። ስለዚህ «ይሄ ረግረግ ነው» ብሎ ካርታ ላይ መጻፍ ራሱ ትልቅ ገንዘብ ነበር። ሰፋሪው ጎመን የተከለበትን ቦታ ወረቀቱ ረግረግ ይለዋል።

ክሱ በዛ፣ ጥላቻው ከረረ። ታኅሣሥ 26 ቀን 1897 በመሬት ከተጣሉት ሰፋሪዎች አንዱ የሆነው ኤድ ኦሊቨር ፒት ፍሬንችን በጥይት ገደለው። የአካባቢው ዳኞች ጥፋተኛ አይደለህም ብለው ለቀቁት። እንግዲህ መስመሩ ብቻውን ገደለው አልልም፣ ግን ጠቡን ለመረዳት ያንን የሐይቅ መስመር ማየት ግድ ነው። የሐይቁ መሬት ጉዳይ በመጨረሻ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1935 ለፌዴራሉ መንግሥት ተወሰነ።

ለዚህ ነው ካርታ ሲከፈት የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን አዘዘው? ለምን?» መሆን አለበት የምለው። ቀያሽ የሚያየው የቀጠረው አካል የሚፈልገውን ያህል ነው።

ጥያቄ፦ ከብት አርቢዎቹ ከመምጣታቸው በፊትስ የማን ነበር? ካርታው ይናገራል?

የሰሜን ፓዩት ሕዝብ አገር ነው። ካርታው ይናገራል፣ ግን ሁለት ካርታ ጎን ለጎን ስታደርጊ ነው የሚናገረው። በ1872 ፕሬዚዳንት ግራንት ለእነሱ ሰፊ የመሬት ክልል ከለሉላቸው፣ 1.8 ሚሊዮን ኤከር ገደማ። በ1870ዎቹ መጨረሻ የወጡ የኦሪገን ካርታዎች ላይ ወሰኑ በግልጽ ይታያል። የከብት አርቢዎች መንጋ ግን ወሰኑን አላከበረም። በ1878 የባኖክ ጦርነት (የባኖክና የፓዩት ተዋጊዎች ከአሜሪካ ጦር ጋር የተዋጉበት) ሲነሳ ያልተዋጉት ሳይቀሩ ተጠያቂ ሆኑና በጥር 1879 ከ500 በላይ ሰዎች በበረዶ ውስጥ ዋሽንግተን ግዛት ወዳለው ያካማ ተወሰዱ። ብዙም ሳይቆይ ክልሉ ተሰርዞ ለሰፈራ ተከፈተ። በ1880ዎቹ መጨረሻ የወጣ ካርታ ላይ ወሰኑ የለም፣ በቦታው የታውንሺፕ ካሬ ተዘርግቷል። እኔ እነዚህን ሁለት ካርታዎች ሳያስተያይ የሃርኒን ታሪክ አውቃለሁ የሚልን ሰው አልቀበልም።

የተመለሱት ዘሮች ዛሬም በርንስ ከተማ አጠገብ አሉ፤ የራሳቸው ክልል የታወቀላቸው በ1972 ነው።

ጥያቄ፦ በ2016 የታጠቁ ሰዎች የያዙት የወፎች መጠለያ እዚያ ነው?

አዎ፣ ማሉር ነው። ከጥር 2 እስከ የካቲት 11፣ 41 ቀን። መጠለያው በ1908 በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የተቋቋመ ሲሆን የፍሬንች ዋና የከብት እርባታ (ራንች) የነበረው «ፒ ራንች» በ1935 ተገዝቶ ተጨምሮበታል። ታጣቂዎቹ «መሬቱን ለባለቤቶቹ መልሱ» ይሉ ነበር። ከላይ ያለውን መልስ ያነበበ ሰው «ለየትኞቹ?» ማለቱ አይቀርም፤ የፓዩት መሪዎችም ያኔ ይሄንኑ በአደባባይ አንስተዋል።

ጥያቄ፦ የድሮውን ካርታ ከዛሬው ሳተላይት ምስል ጋር እንዴት ላጋጥም?

ኪውጂአይኤስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ካርታውን ታስገባለህ፣ በሁለቱም ላይ የሚታዩ ቢያንስ አራት ነጥቦች ትመርጣለህ፣ ፕሮግራሙ ይዘረጋዋል። ዋናው ነገር የነጥብ ምርጫ ነው። የሴክሽን ማዕዘኖችን ተጠቀም፤ ዛሬም አጥሮችና መንገዶች በእነሱ ላይ ስለሚሄዱ ከሳተላይት ይታያሉ። ሐይቅ ዳር በጭራሽ እንዳትይዝ። የወንዝ መታጠፊያም አትያዝ። ብሊትዘን ወንዝ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ተቆፍሮ ቀጥ ስለተደረገ የድሮው መታጠፊያ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ጥያቄ፦ ካርታ ላይ ያየሁት መንደር ዛሬ የለም። ምን ሆነ?

ካትሎ ሸለቆን አይተህ መሆን አለበት። በ1909 ሕጉ ተለውጦ አንድ ሰፋሪ 320 ኤከር መውሰድ ይችል ነበር፣ ሰውም ጎረፈ። ትምህርት ቤት፣ ፖስታ ቤት፣ ብሊትዘን የሚባል መንደርም ተሠራ። ዝናቡ ግን ለስንዴ አይበቃም ነበር። ከዓመታት በኋላ አብዛኛው ጥሎ ሄደ፣ መሬቱም ለግጦሽ ተመለሰ። ለሰፋሪው የተሰጠውን ሰነድ ከነቀኑ አውጣና ቀጥሎ የመጣውን የመልክዓ ምድር ካርታ እይ። ቤት የነበረበት ቦታ የጉድጓድ ምልክት ብቻ ይቀራል፣ አንዳንዴ እሱም አይኖርም። ልቤን የሚነካኝ የካውንቲው ክፍል ይሄ ነው፤ ያ ሁሉ ቤተሰብ ሕጉን አምኖ ነው የመጣው።

ጥያቄ፦ የእሳት መድን ካርታዎችስ?

የመድን ድርጅቶች የቤቶችን የእሳት አደጋ የሚገምቱባቸው ካርታዎች ናቸው። ለከተማ ቤቶች ግሩም ናቸው፤ ጡብ በሮዝ፣ እንጨት በቢጫ ይቀቡ ነበር። ለራንች አይጠቅሙህም።

ጥያቄ፦ ካርታው ላይ ስማቸው የማይገኝ ሰዎች አሉ?

ብዙ። ከፍሬንች ጋር የመጡት የሜክሲኮ እረኞች፣ ስቲንስ ተራራ ላይ በግ የጠበቁት ባስኮች (ከስፔንና ፈረንሳይ ድንበር አካባቢ የመጡ ሕዝብ)፣ ከግዞት በእግራቸው የተመለሱት ፓዩቶች። የይዞታ ካርታ ባለ ወረቀቱን ነው የሚጽፈው። ለእነሱ የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ፣ የድሮ ጋዜጣና የቤተሰብ ትረካ ፈልጉ። ከዚያ ያገኛችሁትን ራሳችሁ ካርታው ላይ ጻፉት።

ጥያቄ፦ ሄጄ ማየት እፈልጋለሁ፣ ምክር?

ውሃና ነዳጅ ሞልተሽ ሂጂ፣ ማደያ በጣም ይራራቃል። ዝናብ ከጣለ የአፈር መንገዱ ጭቃ ነው፣ አትግቢ። አጥር ካየሽ ባለቤቱን ሳታስፈቅጂ እንዳትሻገሪ። በፌዴራል መሬት ላይ ያገኘሽውን የድሮ ዕቃ እዚያው ተይው፤ ማንሳት በሕግ ያስቀጣል።

ጥያቄ፦ እኔ ያለሁት አዲስ አበባ ነው። ለቦረና ወይም ለአፋር እንዲህ መሥራት ይቻላል?

ይቻላል! በ1960ዎቹ ኢትዮጵያና አሜሪካ በጋራ አገሪቱን ለክተዋል። የአሜሪካ ጦር ያወጣው 1:250,000 ካርታ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ በነፃ ይወርዳል። 1:50,000ውን የድሮው የካርታ ሥራዎች ድርጅት ሲያዘጋጀው ነበር፤ ዛሬ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ስለሆነ እዚያ ጠይቅ። የሴክሽን ካሬ ስለሌለን ማጋጠሚያ ነጥብ የሚሆኑህ የመንገድ መገናኛዎች፣ ድልድዮችና የተራራ ጫፎች ናቸው። ከዚያ ካርታውን አትምና ሽማግሌዎች ጋ ይዘህ ሂድ። የኤላዎቹን (የውሃ ጉድጓዶቹን) ስም፣ የትኛው ጎሳ በየትኛው ወር የት እንደሚያሰማራ ጠይቅና በእርሳስ ጻፍበት። ይሄን ሃርኒ ላይ ማግኘት አልቻልንም፣ ቀያሹ አልጠየቀማ። እናንተ ጋ ግን የሚያውቁት ሰዎች ገና በሕይወት አሉ፣ ዘንድሮ ጀምሩ።