ግልገሎችሽ የሚሞቱት ቫይታሚን አጥተው አይመስለኝም

እህቴ፣ ትናንት ማታ የለጠፍሽውን አንብቤ እንቅልፍ አልወሰደኝም። «የአሳማ ግልገሎቼ ደህና ይወለዱና በሁለተኛው ሳምንት ገርጥተው ይሞቱብኛል፤ ከ10 የቀሩት 5 ናቸው፤ የትኛውን የማሳደጊያ ቫይታሚን ልግዛ?» ብለሻል። ፎቶዎቹንም አይቻቸዋለሁ። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጆሮው ነጭ፣ ፀጉሩ የቆመ። በ2011 ዓ.ም. የኔ ጋጣ ልክ ይሄ ነበር። ስለዚህ እኔ የከፈልኩትን አንቺ እንዳትከፍይ ልንገርሽ፤ ቫይታሚኑን ተይውና አይረን (ደም የሚሠራበትን የብረት ማዕድን) ግዢ። የሚጠጣውን ሳይሆን በመርፌ የሚሰጠውን፣ አይረን ዴክስትራን የሚባለውን።

1ኛ፦ አይረኑ የሚሰጠው በተወለዱ በሦስተኛው ቀን ነው። ግልገል ከእናቱ ሆድ ይዞት የሚወጣው ብረት 50 ሚሊግራም ገደማ ነው። በቀን ቢያንስ 7 ሚሊግራም ይፈልጋል፤ ከእናቱ ወተት የሚያገኘው ግን 1 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። ሒሳቡን አንቺው ሥሪው፤ ሳምንት አለፍ ሲል ጎተራው ባዶ ነው። አፈር ላይ የሚያድግ ግልገል እየቆፈረ የጎደለውን ይሞላል። እኛ ለንጽሕና ብለን ሲሚንቶ አፈሰስንና ያችኑ መንገድ ዘጋንበት።

ይሄን የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነው የተቃጠልኩት። የመጀመሪያዋ እናት 11 ወለደችልኝ። አንዱ ከሁሉም ገዝፎ፣ ወተት የሚበዛበትን የፊተኛውን ጡት ይዞ ማንንም አያስጠጋም ነበር፤ ሰው ሲመጣ እሱን ነበር የማሳየው። በ13ኛው ቀን ጠዋት ሞቶ አገኘሁት። ከሲታው ቢሆን አይደንቀኝም፤ ወፍራሙ ሲሞት «በልቶ ይሆናል፣ ተጨፍልቆ ይሆናል» አልኩ። ለካስ በፍጥነት የሚያድገው ነው ደሙ ቶሎ የሚያልቅበት! በማግስቱ ሁለት ደገሙ። ሌሎቹ ትንሽ ሲሯሯጡ ጎናቸው ከፍ ዝቅ እያለ እንደ ውሻ ያለከልካሉ።

ሮጬ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ሻጩ ስንት ቀናቸው እንደሆነ እንኳ አልጠየቀኝም። «ለዶሮ የሆነ ለአሳማም ይሆናል» ብሎ ውሃ ውስጥ የሚበጠበጥ የዶሮ ቫይታሚን ሦስት ጣሳ አሸከመኝ፤ 1,800 ብር። የሁለት ሳምንት ግልገል ውሃ የሚጠጣው በጣም ጥቂት ስለሆነ ሁሉንም እናቲቱ ጠጣችው። ቆይቼ ደግሞ «ለእናቲቱ አይረን ብሰጣት በወተቷ ይደርሳቸዋል» ብዬ ለእሷ መስጠት ጀመርኩ። አደራሽን ይሄን እንዳትሞክሪው፤ እናቲቱ የፈለገውን ያህል ብትወስድ ወደ ወተቷ አይሻገርም። በ21ኛው ቀን 11ዱ 4 ሆነው ነበር።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ክሊኒኩ ነው። ስድስተኛው ሲሞት በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ በአቅራቢያዬ ወደነበረ የመንግሥት የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድኩት። ባለሙያው ከረጢቱን ስፈታ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ «ይሄን ይዘህ እዚህ ትገባለህ? አውጣልኝ! እኛ የምናክመው ከብትና በግ ነው» አለኝ፣ ወረፋ በያዘው ሰው ፊት። እኔ ራሴ ጾመኛ ነኝ፣ አሳማ አልበላም። ግን ፈቃድ አውጥቼ፣ ግብር ከፍዬ፣ ልጆቼን የማስተምርበት እንጀራዬ ነው። «ጆሮውን ብቻ እየው» ብዬ ለመንኩት። አላየም። ያን ቀን አንዴ ዞር ብሎ አይቶት ቢሆን አምስቱ ይተርፉልኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ያዳነኝ የጎረቤቴ ልጅ ነው። ቢሾፍቱ እንስሳት ሕክምና ይማር ነበርና ለእረፍት ቤተሰቡ ጋ መጥቶ፣ ሰባተኛውን ጓሮዬ ላይ በምላጭ ከፈተልኝ። ደሙ ቀይ ውሃ ነው፤ ጣቱ ላይ አድርጎ ወደ ፀሐይ ሲያሳየኝ ቆዳው በደሙ ውስጥ አልፎ ይታያል። ጉበቱ ገርጥቷል፣ ልቡ አብጦ ዙሪያውን ውሃ ቋጥሯል። «አይረን ወግተሃቸዋል?» አለኝ። ቃሉን ለአሳማ ሲባል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ለቀሩት አራቱ የዚያኑ ቀን ማታ ሰጠናቸው። በሳምንታቸው ጆሯቸው ቀላ፤ አራቱም አደጉ።

2ኛ፦ አወጋጉ። መጠኑ ለአንድ ግልገል 200 ሚሊግራም ነው። ጠርሙሱ ላይ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊግራም የሚል ካለ 2 ሚሊ፣ 200 የሚል ካለ 1 ሚሊ ትሰጫለሽ። ሁለቱም ዓይነት ገበያ ላይ ስላለ ሻጩ በቃል የነገረሽን ሳይሆን የተጻፈውን እመኚ። ቦታው አንገቱ ላይ ነው፣ ከጆሮው ኋላ። እኔ መጀመሪያ ታፋ ላይ ወግቼ ነበር፤ ሲታረዱ የታፋው ሥጋ ጠቁሮ ተገኘና የሆቴሉ ወጥ ቤት ኃላፊ መለሰብኝ። ቆዳውን በአውራ ጣትሽ ገፋ አድርገሽ ውጊና መርፌውን ስታወጪ ልቀቂው፤ ቀዳዳው ስለሚዘጋ መድኃኒቱ ተመልሶ አይፈስም። ፈሳሹ ወፍራም ነው፤ ጠርሙሱን ብብትሽ ሥር አቆይተሽ ብታሞቂው በቀጭን መርፌም ይወርዳል።

አንድ የሚያስፈራ ነገር አለ። ቫይታሚን ኢ እና ሴሊኒየም የሚባለው ማዕድን የጎደለው ግልገል አይረኑ ራሱ በሰዓታት ውስጥ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ለአንድ ሁለቱ ስጪና ግማሽ ቀን ጠብቂ። ደህና ከዋሉ ለሌሎቹ ትቀጥያለሽ። ያንቺ ቫይታሚን የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ለእናቲቱ፣ በእርግዝናዋ ጊዜ፣ በመኖዋ ውስጥ።

መድኃኒቱ ከጠፋ (አንዳንዴ ወር ሙሉ ይጠፋል) አሳማ ረግጦት ከማያውቅ ቦታ ቀይ አፈር ቆፍሬ፣ የትላትል እንቁላል እንዳይኖርበት ምጣድ ላይ አምሼ፣ ሲቀዘቅዝ በየቀኑ አንድ ሁለት እፍኝ ግልገሎቹ የሚተኙበት ጥግ ላይ እበትንላቸዋለሁ። ሲሽቀዳደሙበት ብታዪ! መርፌውን ባይተካም ቀን ያሻግራል።

3ኛ፦ ይሄን ከሁሉም በፊት መጻፍ ነበረብኝ፣ እንገር። የሰው ልጅ ከማሕፀን ጀምሮ ከእናቱ መከላከያ ያገኛል፤ የአሳማ ግልገል አያገኝም፣ ያለው እንገሩ ውስጥ ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ጠግቦ መጥባት አለበት፤ ቀን ካለፈ አንጀቱ አይቀበለውም። እኔ ሌሊት ከወለደች እዚያው አድራለሁ። ደካሞቹን ራሴ ጡት ላይ አስይዛለሁ፣ ጭድና አምፖል አዘጋጅላቸዋለሁ። የበረደው ግልገል አይጠባም።

4ኛ፦ መኖውን በተመለከተ፣ የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ትሰጪ እንደሆነ ዛሬውኑ አቁሚ። ፎቶሽ ላይ ጥጉ ላይ የቆመውን ከረጢት አይቼ ነው። የጣይ መኖ ለቅርፊቱ ሲባል ካልሲየሙ 4 ከመቶ ይጠጋል፤ ለግልገል ከ1 ከመቶ በታች ይበቃዋል። ትርፉ ካልሲየም ዚንክ የሚባለውን ማዕድን ያግድና ቆዳቸው እንደ ቅርፊት ይሰነጣጠቃል። እኔ እከክ መስሎኝ ሁለት ወር ሙሉ የእከክ መድኃኒት ስቀባ ነበር። ከአሥረኛው ቀን ጀምረሽ በቆሎ፣ ፉርሽካና አኩሪ አተር ደቀቅ አድርገሽ በዝርግ ሳህን አቅርቢላቸው፤ ንጹሕ ውሃም ከጎኑ። አኩሪ አተሩ መቆላት አለበት፤ ጥሬው ፕሮቲኑ እንዳይፈጭ የሚያደርግ ነገር ስላለው ያስቀምጣቸዋል። የኑግ ፋጉሎ ርካሽ ነው ብለሽ እሱን ብቻ አትስጪ፤ ላይሲን የሚባለው፣ ሥጋ ለመያዝ የሚያስፈልገው የፕሮቲን ክፍል አነስተኛ ስለሆነ ሆዳቸው ይነፋል እንጂ ሥጋ አይዙም። ዚንክ ኦክሳይድ በብዛት ጨምሪ ያሉሽም አሉ። ተቅማጡን ይይዛል፣ እውነት ነው፤ ግን ከእበቱ ጋር ወጥቶ አፈር ላይ እየተጠራቀመ ስላስቸገረ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 በዚያ መጠን እንዳይሰጥ ከልክሎታል።

ከዚያ ወዲህ 12 ከምትወልድልኝ እናት 10 እና 11 ጡት አስጥላለሁ። ዛሬ 14 እናቶች አሉኝ፤ ከእነዚያ ከተረፉት አራቱ አንዷን አልሸጥኳትም ነበርና የስድስቱ አያት ናት። ሥራው የሚያዋጣ ነው፣ ተስፋ አትቁረጪ።

የቀሩት አምስቱ ሁለት ሳምንት አልፏቸዋል ብለሽ አትተዊያቸው፤ የኔዎቹ በ21ኛ ቀናቸው ነው የዳኑት። ብቻ ደማቸው ስላነሰ አታባሪያቸው፤ እናቲቱ መኖዋን ስትበላ፣ እነሱ እንደተኙ፣ አንድ በአንድ ቀስ ብለሽ አንሺና ስጪያቸው። መድኃኒቱን እንደገዛሽ፣ ሳትከፍቺው፣ የጠርሙሱን ፊትና ጀርባ ፎቶ አንስተሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ መጠኑን አብረን እናየዋለን። ዛሬ እስከ ማታ ስልኬ ክፍት ነው።