ናይሮቢ ስለተገዛ የኬንያ ዕቃ አይሆንም

የማርቆሱ ወንድማችን «ኢትዮጵያም ኬንያም የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ) አባል ናቸው፤ ታዲያ ከናይሮቢ የቤት ዕቃ ባመጣ ለምን ቀረጥ እከፍላለሁ?» ብለህ ለጠየቅኸው፦ እኔ ቡሬ ላይ ሱቅ አለኝ፣ በሞያሌ ዕቃ አስገባለሁ፤ የማውቀውን ልንገርህ።

የኮሜሳ አባልነት ሌላ፣ የኮሜሳ ነፃ የንግድ ቀጠና ሌላ ነው። ቀጠናው እ.ኤ.አ. በ2000 ሲጀመር ኬንያ፣ ግብፅና ሱዳን ያሉባቸው 9 አገሮች እርስ በርስ ቀረጥ አነሱ፤ ኢትዮጵያ ግን አልገባችበትም። እኛ ስንሰጥ የኖርነው የቀረጡን 10 በመቶ ቅናሽ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሒሳቡ ይምታታበታል፤ 30 በመቶ የሚከፈልበት ዕቃ ወደ 27 ይወርዳል እንጂ 20 አይገባም። በ100 ሺህ ብር ዕቃ ከቀረጡ የምትቀንሰው 3 ሺህ ብር ነው። ቫቱና ሱር ታክሱ (በገቢ ዕቃ ላይ የሚጣለው ተጨማሪ ግብር) አይቀርልህም።

ይቺኑ 3 ሺህ የምታገኛትም ዕቃው እዚያው ከተሠራ ነው። ከእኔ ጋር አንድ መኪና ላይ የጫነ የፍኖተ ሰላም ልጅ ከናይሮቢ ጅምላ ሻጭ ሜላሚን ሳህን ገዝቶ ነበር። ደረሰኙም ካርቶኑም የኬንያ ነው። ፈታሹ አንዱን ካርቶን ቀደደና ሳህኑን ገልብጦ አሳየው፤ ቂጡ ላይ ቻይና እንደተሠራ ተጽፏል። ልጁ ክርክር ሞከረ፣ በኋላ ሙሉውን ከፈለ።

ስለዚህ ከተቻለህ ከፋብሪካው ግዛ። ጥሬ ዕቃው ከውጭ ቢመጣ እንኳ ፋብሪካው ቢያንስ 35 በመቶ እሴት ከጨመረበት በኮሜሳ ደንብ የኬንያ ምርት ነው። የስሪት አገር ማረጋገጫው ሳይጫን በፊት ይላክልህና ስሙን፣ ብዛቱን፣ ክብደቱን ከኢንቮይሱ ጋር አስተያይ። የተጻፈው ነገር ካልገጠመ ወረፋው ላይ ታድራለህ፣ የመኪናው ኪራይም እየቆጠረ ነው።

ክልከላ ከቀረጥ ይለያል። ልባሽ ጨርቅ ምንም ማረጋገጫ ብታመጣ አይገባም። በጥቅምት 2015 ደግሞ 38 ዓይነት ዕቃዎች የባንክ ኤልሲ (ባንክ ለውጭ ሻጭ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ተከልክለው ነበር፤ የተነሳው በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ሲለወጥ ነው። ቀብድ ከመክፈልህ በፊት ይህንን አጣራ።

የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጠና መጣ ብለህም አትቸኩል። እንደኛ ላሉት አገሮች የ90 በመቶው የዕቃ ዓይነት ቀረጥ የሚነሳው በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ነው። ለትራንዚተርህ (የጉምሩክ ጉዳይህን ለሚጨርስልህ ወኪል) የዕቃውን ኤችኤስ ኮድ፣ ማለትም ጉምሩክ ዕቃውን የሚለይበትን ቁጥር፣ ስጠውና ዛሬ ስንት እንደሚያስከፍል ያስላልህ። የምታመጣው ምን እንደሆነ ከጻፍክልን ደግሞ እዚሁ እንነጋገራለን።