ሊፈርስ ወደተቃረበ ጥንታዊ ቤት ለምትገቡ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ነዋሪ አጥቶ የተዘጋ፣ የሚፈርስበትም ቀን የተቆረጠለት ጥንታዊ ቤት ሲገኝ ብዙዎቻችሁ ካሜራ ይዛችሁ ለመግባት እንደምትቸኩሉ አውቃለሁ። ጉጉታችሁን አልነቅፍም፤ እኔንም ወደ ቅርስ ጥገና ሙያ የሳበኝ እንዲህ ያለው ጉጉት ነው። ሆኖም የተሰነጠቀ መስኮትና የወላለቀ በር አሳምሮ ፎቶ ማንሳት ብቻውን ለቤቱ የሚፈይድለት ነገር እምብዛም ነው። የምመክራችሁ ለክታችሁና መዝግባችሁ እንድትወጡ ነው።

በመጀመሪያ ባለቤት የሌለው የሚመስል ቤት ሁሉ ባለቤት አለውና በጽሑፍ የተሰጠ ፈቃድ ያዙ፤ ብቻችሁንም አትግቡ። የወለሉ ጣውላ ደህና መስሎ መታየቱ አያታላችሁ፤ ወለሉን የሚሸከሙት አግዳሚ እንጨቶች ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሚበሰብሱት እርጥብ ግድግዳ ውስጥ በተቀበረው ጫፋቸው በኩል ስለሆነ፣ ከሥር ሆናችሁ ሳትመረምሩ ወደ ፎቅ አትውጡ። የሌሊት ወፍ ኩስ የተከመረበትን ክፍል አትጥረጉ፤ ከአቧራው ጋር የሚነሣው ፈንገስ ሂስቶፕላዝሞሲስ የተባለውን የሳንባ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። አሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት፣ አሮጌ ኮርኒስ ውስጥ ደግሞ አስቤስቶስ የተባለው ሳንባን የሚጎዳ ቃጫማ ማዕድን ሊኖር ስለሚችል አትፋቁ፣ አትስበሩም።

ከዚያ በኋላ ቤቱን ማንበብ ይጀመራል፤ ይህ ለእኔ ከሥራው ሁሉ ጣፋጩ ነው። ባትሪያችሁን ወደ ግድግዳው አስጠግታችሁ ከጎን ብታበሩ፣ ፊት ለፊት ሲያዩት ለጥ ያለ የሚመስለው ልስን እብጠትና ስንጥቁን ያወጣል፤ በር የሚያህል ባለ አራት ማዕዘን መስመር ከታያችሁ ቀድሞ መተላለፊያ የነበረ፣ በኋላ የተደፈነ ቦታ ሊሆን ይችላል። የጣሪያውን እንጨት ደግሞ አስተውሉ፤ ቅስት እየሠራ የሚሄድ የመጋዝ ጭረት ክብ የማሽን መጋዝ የተወው ሲሆን፣ ቀጥ ያለና እርስ በርሱ የማይመጣጠን ጭረት ግን በአብዛኛው የእጅ መጋዝ ሥራ ነው። አንድ ምልክት ብቻውን ዕድሜ አይናገርም፤ አሮጌ እንጨት ከሌላ ቤት መጥቶ ሊገጠም ይችላልና ሦስት አራት ምልክት አንድ ላይ ሲመሰክር ብቻ እመኑ። ዘግይቶ የተጨመረውንም ክፍል አትናቁ፤ በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው የቬኒስ ቻርተር የተባለው ዓለም አቀፍ የቅርስ ጥገና ሰነድ አንድ ሕንፃ በየዘመኑ ያገኘው ተገቢ ጭማሪ ሁሉ እንዲከበር ያዛል።

ስትለኩ የክፍሉን አራት ጎኖች ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ የአሮጌ ቤት ማዕዘን ቀጥ ያለ ነው ብሎ መገመት ስለማይቻል ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሰያፍ ልኬት ካልወሰዳችሁ ንድፉ ወረቀት ላይ አይገጥምም። ረጅም ግድግዳ ላይ ደግሞ ሜትሩን ከአንድ ዜሮ ዘርግታችሁ የበርና የመስኮቱን ጠርዝ በተከታታይ አንብቡ፤ እየቆራረጡ መለካት ትንንሽ ስሕተቶችን ያደማምራል። ፎቶም ስታነሱ መለኪያ በትር አጠገቡ አቁሙ።

ይህ ሁሉ ልፋት ቤቱን ያድነዋል ብዬ ቃል አልገባላችሁም። የኒው ዮርኩ ፔንሲልቬንያ ባቡር ጣቢያ ብዙ ሰው እየተቃወመ በ1963 እ.ኤ.አ. መፍረስ ጀመረ፤ የከተማዋ የቅርስ ጥበቃ ሕግ የወጣው ከዚያ በኋላ በ1965 ነው። በአንጻሩ በዚያው አገር በ1933 እ.ኤ.አ. ሥራ ያጡ አርክቴክቶችን ቀጥሮ የተጀመረው የታሪካዊ ሕንፃዎች ምዝገባ የሠራቸው ንድፎች ዛሬም በአሜሪካው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ከተመዘገቡት ሕንፃዎች ብዙዎቹ ግን የሉም። ተከራካሪ ሆናችሁ ብትቀርቡም ቢሆን፣ «ያምራል» ከሚል አቤቱታ ይልቅ የትኛው ግድግዳ ጤነኛ እንደሆነና የትኛው መጠገን እንዳለበት የሚያሳይ ፕላን ይደመጣል።

ከቤቱ ምንም ነገር ይዛችሁ አትውጡ፤ ከቦታው የተነቀለ የበር እጀታ የማን ቤት፣ የትኛው በር እንደነበረ መናገር ያቆማል። ንድፉን ስትጨርሱ አንዱን ቅጂ ለባለቤቱ፣ ሌላውን ለሕዝብ ክፍት ለሆነ ቤተ መዛግብት ስጡ፤ በእያንዳንዱ ወረቀት ላይም የለካውን ሰው ስም፣ ቀኑን፣ እንዲሁም ያልገባችሁባቸውን ክፍሎች ከነምክንያታቸው ጻፉ።